ከጓደኛ ጋር ሐዋሳ ለሁለት ቀን፦ ፖድካስቱ መንገድ ላይ እንዳይከዳችሁ

«አውርጄዋለሁ» ብላኝ ነበር። ቃሊቲን ወጣን፣ ወንበራችንን አደላደልን፣ ስልኳን ከፈተች። ያቺ ክብ ነገር መዞር ጀመረች። ዞረች፣ ዞረች፣ ሞጆ ደረስን። ጓደኛዬ ያስቀመጠችው ዝርዝሩን ነው እንጂ ድምፁን አልነበረም። እኔ ደግሞ የጆሮ ማዳመጫዬን ሶፋ ላይ ትቼዋለሁ። ያን ቀን እስከ ሐዋሳ የሰማነው የሾፌሩን ፍላሽ ነው። ስድስት ዘፈን፣ ደግሞ ከመጀመሪያው፣ ደግሞ ከመጀመሪያው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው እንደኛ ሲሆን አይቻለሁ። ጉዞው የሚበላሸው ቅዳሜ አይደለም፤ ሐሙስ ማታ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከሐዋሳ ይልቅ ስለ ሐሙስ ብዙ ያወራል። የተጻፈው በአውቶቡስ ወይም በሚኒባስ ለሚሄዱ ሁለት ጓደኛሞች ነው። መኪና ካላችሁ የጆሮ ማዳመጫውን ክፍል ዝለሉት።

1. ሰኞ፦ ቀኑን ቁረጡ

መጀመሪያ ካሌንደር ተመልከቱ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የሐዋሳ ገብርኤል ነው። ከተማዋ ትሞላለች፤ አልጋ ይጠፋል፤ የተገኘውም ዋጋው ሰማይ ይነካል። ለንግሥ የምትሄዱ ካልሆነ እነዚያን ሳምንታት ተዉአቸው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ የፍቼ ጫምባላላ ሰሞንም እንደዚያው ነው፤ ቀኑ በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ ሆቴሉን ስትጠይቁ አብራችሁ ጠይቁ።

ቀጥሎ ሆቴል ደውሉ። በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅ ደውሉና እነዚህን አራት ነገሮች ጠይቁ፦

- ክፍሉ ሁለት አልጋ አለው ወይስ አንድ ሰፊ አልጋ ነው?
- የነገራችሁኝ ዋጋ ታክስና ሰርቪስ ቻርጅን ይጨምራል?
- መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይነሳል? ሌሊቱን ሙሉ ነው ወይስ እስከ ስንት ሰዓት?
- ያለ ቅድሚያ ክፍያ እስከ ስንት ሰዓት ትይዙልናላችሁ?

አራተኛውን ካልጠየቃችሁ፣ ሰባት ሰዓት ላይ ደክሟችሁ ስትደርሱ «ኦ፣ የቀራችሁ መስሎን ሰጠነው» ትባላላችሁ። ደርሶብኛል።

በመጨረሻ፣ ሐዋሳ ወይም ሻሸመኔ የሚኖር የምታውቁት ሰው ካለ ስለ መንገዱ ሰላም ጠይቁ። ዓርብ ማታ እንደገና ጠይቁ። «ሰሞኑን ጥሩ አይደለም» ከተባላችሁ አትከራከሩ፤ ሳምንቱን አሸጋግሩ።

2. ረቡዕ፦ የሚደመጠውን ምረጡ

ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከነቁርሱ አምስት ሰዓት ያህል መንገድ ላይ ናችሁ። አምስት ሰዓት ሙሉ ማዳመጥ ግን አይቻልም። ለመሄጃ ሦስት፣ ለመመለሻ ሦስት ሰዓት ያዙ። ከዚያ በላይ የምታወርዱት የስልክ ቦታ ማጣበቢያ ነው።

አመራረጡ ላይ አንድ ሕግ አለኝ፤ ሁለታችሁም ያልሰማችሁት ይሁን። አንዱ የሰማው ከሆነ ያ ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም። «አሁን ጠብቂ፣ አሁን የሚናገረውን ስሚው» ይላል። ታሪኩን ከተናጋሪው በፊት ጨርሶት ያርፋል።

እኛን የያዘን ነገር ይህን ይመስላል፦

የሬዲዮ ቃለ መጠይቅ። የሸገር 102.1 «የጨዋታ እንግዳ» ለመንገድ የተሠራ ይመስለኛል። መዓዛ ብሩ እንግዳዋን አታጣድፍም። ሰውየው ስለ እናቱ ቤት ሲያወራ እናንተ ቆም አድርጋችሁ ስለ ራሳችሁ እናት ቤት ታወራላችሁ። ችግሩ አንዱ እንግዳ ለብዙ ሳምንት በክፍል በክፍል መቅረቡ ነው። ክፍል 1፣ 2 እና 4 ይዞ መሄድ አለ። ስለዚህ ከማውረዳችሁ በፊት ክፍሎቹን ቁጠሩ።

የሚተረክ ታሪክ። የእሸቴ አሰፋ «መቆያ» እዚህ ይገባል። ይህ ጆሮ ይፈልጋል፤ እያወሩ አይሰማም። መንገዱ ጸጥ ሲል የሚከፈት ነው።

ረጅም ጭውውት። እንደ «ደጃፍ» ያሉ ፖድካስቶች። አንዱ ክፍል ረዘም ስለሚል ለአንድ ጉዞ አንድ ይበቃል። መሃል ላይ እንቅልፍ ቢወስዳችሁም ብዙ አያመልጣችሁም። ይህን ለስድብ አይደለም የምለው፤ ለመመለሻ መንገድ የምፈልገው እንደዚያ ያለውን ነው።

የፖለቲካ ትንታኔ አትያዙ። ብትስማሙ ይሰለቻችኋል፤ ካልተስማማችሁ ሻሸመኔ ላይ ትኳረፋላችሁ፤ ክፍሉ ደግሞ አንድ ነው።

3. ሐሙስ ማታ፦ አውርዱ

በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው ያወረደውን ራሱ ያጠፋል።

ሀ) መጀመሪያ ቦታ አጽዱ። በተለመደው 128 ኪሎቢት ጥራት የአንድ ሰዓት ድምፅ ወደ 60 ሜጋባይት ይወስዳል። ስድስት ሰዓት ማለት 360 ሜጋ አካባቢ ነው፤ ብዙ አይደለም። ቪዲዮ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ አንድ ክፍል ድራማ ብቻውን ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። ስልካችሁ «ስቶሬጅ ሞልቷል» የሚል ከሆነ የቴሌግራምን ካሽ (ለጊዜው ያስቀመጣቸውን ፋይሎች) አሁን፣ ከማውረዳችሁ በፊት አጥፉ። ዓርብ ማታ ብታጠፉት ሐሙስ ያወረዳችሁት አብሮ ይሄዳል።

ለ) የሌሊት ጥቅል ግዙ። ዋይፋይ ከሌላችሁ ቀን ላይ አታውርዱ። ሌሊት ይረክሳል፣ ይፈጥናልም። ነገር ግን ስልኩን ትራስ ሥር አድርጋችሁ አትተኙ፤ አንዳንድ ስልክ ስክሪኑ ሲጠፋ ማውረዱን ያቋርጣል። ቻርጀር ላይ ሰክታችሁ ቢያንስ ግማሹ እስኪወርድ ጠብቁት።

ሐ) እንደየመተግበሪያው አውርዱ።

*ስፖቲፋይ፦* ፖድካስት ለማውረድ አይከፈልም፤ የሚከፈለው ለዘፈን ነው። የመደመር ምልክቷን ተጭኖ «አወረድኩ» ማለት የብዙ ሰው ስህተት ነው፤ የጓደኛዬም እሱ ነበር። መጫን ያለባችሁ ወደ ታች የሚያመለክተውን ቀስት ነው። አረንጓዴ ሲሆን ወርዷል። ግራጫ ከሆነ አልወረደም።

*ቴሌግራም፦* ቻናል ላይ ተጭናችሁ የወረደ ፋይል በካሽ ውስጥ ነው ያለው። ቴሌግራም በራሱ ጊዜ ሊያጠፋው ይችላል። ከፋይሉ አጠገብ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጫኑና «ሴቭ ቱ ዳውንሎድስ» ወይም «ሴቭ ቱ ሚውዚክ» የሚለውን ምረጡ። አሁን ፋይሉ የእናንተ ሆነ። ለጓደኛም ያለ ኔትወርክ ይላካል።

*ዩቲዩብ፦* የማውረጃው ቁልፍ ቢሠራላችሁም የወረደው እዚያው መተግበሪያ ውስጥ ብቻ ነው የሚከፈተው። ለሌላ ስልክ አይላክም። ክፍያ ለማይከፍል ሰው ደግሞ ስክሪኑ ሲጠፋ ድምፁም ይጠፋል። ሦስት ሰዓት ስክሪን አብርቶ ማዳመጥ ማለት ዝዋይ ላይ የሞተ ስልክ ማለት ነው። ያንኑ ዝግጅት በድምፅ ብቻ ሌላ ቦታ ካገኛችሁት ያንን ያዙ።

4. ሐሙስ ማታ፣ ከመተኛታችሁ በፊት፦ ፈትኑ

አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ቅዳሜ እንዳያማርር።

1. ኤርፕሌን ሞድ አብሩ። አንዳንድ ስልክ ኤርፕሌን ሞድ ላይም ዋይፋዩን አይዘጋም፤ እሱንም ለብቻ አጥፉ።
2. መተግበሪያውን ሙሉ በሙሉ ዝጉና እንደገና ክፈቱት።
3. እያንዳንዱን ፋይል ከመሃል ጀምራችሁ አሥር ሴኮንድ ስሙ። ከመጀመሪያው አይደለም። መጀመሪያውን ስልኩ ቀድሞ ይዞት ሊሆን ይችላል፤ ያታልላችኋል።
4. የጆሮ ማዳመጫውን ሁለቱንም ጆሮ አዳምጡ። አንዱ የማይሠራ ማዳመጫ ቤት ውስጥ አይታወቅም፤ መንገድ ላይ ነው የሚታወቀው።

ካልሠራ፦ አጥፉትና እንደገና አውርዱት። ስምንት ሰዓት ሌሊት ላይ ለማስተካከል መታገል ጊዜ ማባከን ነው። ሁለተኛም እምቢ ካለ ሌላ ምረጡ።

ሁለት ሰው፣ አንድ ድምፅ

እዚህ ላይ ሦስት መንገድ አለ። ሦስቱንም ሞክረናል።

*ማከፋፈያ።* ባለ ሁለት ቀዳዳ ማከፋፈያ ገመድ ትገዛላችሁ፣ ሁለት ባለገመድ ማዳመጫ ትሰካላችሁ። ርካሽና አስተማማኝ ነው። ስልካችሁ የማዳመጫ ቀዳዳ ከሌለው ግን አይሆንም።

*አንድ አንድ ጆሮ።* ገመድ አልባውን ተካፍላችሁ ግራውን አንዱ፣ ቀኙን ሌላው ያደርጋል። አንዳንድ ዝግጅት ላይ የጠያቂዋ ድምፅ በግራ፣ የእንግዳው በቀኝ ጎልቶ ይመጣል። እኔ ጥያቄ ብቻ፣ ጓደኛዬ መልስ ብቻ የሰማንበት ጊዜ አለ። መፍትሔው ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ አክሰሰቢሊቲ ሥር «ሞኖ ኦዲዮ» የሚለውን ማብራት ነው።

*ሁለት ስልክ።* አንዱን ፋይል ትላላካላችሁ፤ ሁለታችሁም ስልክ ላይ ይኖራል። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብላችሁ እኩል ትጫናላችሁ። እኔ ይህን እወደዋለሁ፤ ሁለታችሁም በየራሳችሁ ማዳመጫ ትሰማላችሁ፣ አንገትም አይታሰርም። ፍጥነቱ እኩል መሆኑን ግን እዩ። አንድ ጊዜ ጓደኛዬ ከኔ ቀድማ መሳቅ ጀመረች። መጀመሪያ ግማሽ ደቂቃ፣ በኋላ ሁለት ደቂቃ ቀደመችኝ። ለካ ስልኳ በአንድ ነጥብ ሁለት ፍጥነት ላይ ነበር። እኔ ገና ቀልዱ ሳይነገረኝ እሷ እንባዋን ትጠርጋለች።

5. ዓርብ፦ ሻንጣና የጋራ ቦርሳ

ፓወር ባንክ ሙሉ ቻርጅ አድርጉ፤ 10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ያለው ለሁለት ሰው ይበቃል። መታወቂያ ያዙ፤ ሆቴሉ ይጠይቃል። የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት ያዙ። ማታ ሐይቁ ዳር የሚለበስ ስስ ሹራብ፣ ቆሎ፣ ውሃ። በቃ።

ገንዘቡን በጋራ አድርጉ። ሁለታችሁም እኩል አዋጡ፣ አንዱ ይያዝ፣ ሁሉም ነገር ከዚያ ይከፈል። ሲያልቅ እንደገና እኩል ጨምሩ። «ተዪ እኔ ልክፈል፣ ተይ እኔ» የሚለው ጨዋታ ካፌ ውስጥ ያምራል፤ ለሁለት ቀን ሲሆን ግን አንዱ ሳይናገር ይቆጥራል። ቴሌብር ቢኖራችሁም ጥሬ ብር ያዙ። ባለጀልባውና ባለባጃጁ ጋ ስትደርሱ ነው ኔትወርክ የሚጠፋው።

6. ቅዳሜ፦ መንገድ

ከጠዋቱ 11 ሰዓት ተኩል ቃሊቲ መናኸሪያ ድረሱ። እጃችሁን ይዞ የሚጎትታችሁ ደላላ «አሁን ይወጣል» ይላል፤ አይወጣም። ገብታችሁ የሞላውን ራሳችሁ እዩ፤ ሒሳቡንም ለትኬት ቢሮው ወይም ለረዳቱ ብቻ ስጡ።

በቀኝ በኩል ተቀመጡ። ወደ ደቡብ ስትሄዱ የጠዋት ፀሐይ በግራ ነው የሚመታው። እሁድ ከሰዓት ወደ ሰሜን ስትመለሱም ፀሐዩ በግራ ነው። መጋረጃ በሌለው ሚኒባስ ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የማዳመጫው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦

እስከ ሞጆ ምንም አትክፈቱ። አውሩ። የሳምንቱ ሐሜት ሳያልቅ ፖድካስት ቢከፈት ማንም አይሰማም።

ከሞጆ እስከ መቂ ቀለል ያለውን። ቃለ መጠይቅ ጀምሩ።

ከመቂ በኋላ ከበድ ያለውን። ትረካው እዚህ ይሁን። ሁለታችሁም የማቆም መብት አላችሁ። ምልክት ተስማሙ፤ እኛ ጉልበት ሁለቴ መታ ማድረግ ነው። የተመታው ወዲያው ያቆማል፣ ሰበብ አይጠይቅም። የጉዞው ምርጥ ወሬ የሚመጣው እነዚያ ማቆሚያዎች ላይ ነው።

ከሻሸመኔ በኋላ ዝጉ። የቀረው 25 ኪሎ ሜትር ነው። ሻንጣ ሰብስቡ፣ ሆቴሉ ደውሉና «መንገድ ላይ ነን» በሉ።

*ሾፌሩ ሙዚቃውን ካስጮኸው፦* የእናንተን ድምፅ አትጨምሩ፤ ጆሮ ይጎዳል። ረዳቱን «ወንድሜ፣ ትንሽ ዝቅ ታደርግልናለህ?» በሉት። ቀስ ብላችሁ፣ ፈገግ ብላችሁ። በቁጣ የጠየቀ ሰው ጨምሮ ሲሰማ ነው ያየሁት።

*ካቅለሸለሻችሁ፦* ስልኩን አትዩ። ድምፁ ይቀጥል፣ ዓይናችሁ ግን ፊት ለፊት መንገዱ ላይ ይሁን። ቪዲዮ መንገድ ላይ አይታይም።

7. ቅዳሜ ማታ፦ ሐይቅ፣ ከዚያ ድራማ

ምሳ ብሉ፣ አንድ ሰዓት ተኙ። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ በባጃጅ ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ውረዱ። ከመግባታችሁ በፊት ዋጋ ተስማሙ፤ «ኮንትራት» ነው ወይስ እንደ ሌላው ተሳፋሪ፣ ለይታችሁ ተናገሩ። ዳር ዳሩን በእግር ሂዱ። ፀሐይዋ ስትጠልቅ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ ተኮፍሰው ቆመው ታያላችሁ። እዚህ ማዳመጫ አያስፈልግም፤ ኪስ ይግባ።

ለማታ ተከታታይ ድራማ ከያዛችሁ ሁለት ክፍል ብቻ እዩ። ሦስተኛውን ከከፈታችሁ የእሁድን ጠዋት ረሱት።

በሆቴሉ ቴሌቪዥን ለማየት ፍላሽ ከያዛችሁ ሁለት ነገር ልብ በሉ። ብዙ ፍላሽ የሚመጣው በፋት 32 አሠራር ስለሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። እንደ ኔትፍሊክስ ካለ መተግበሪያ የወረደ ደግሞ ፍላሽ ላይ አይገለበጥም፤ በስልካችሁ ብቻ ነው የምታዩት። ስልኩን ብርጭቆ ላይ አስደግፋችሁ እዩ፤ የከፋ አይደለም። መብራት ቢጠፋ እንዲያውም ይሻላል።

8. እሁድ ጠዋት፦ አሞራ ገደል

አንድ ሰዓት ላይ እዚያ፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ ሁኑ። ጀልባዎቹ የሌሊቱን ዓሣ ይዘው የሚገቡት ጠዋት ነው። ልጆች ተቀምጠው ዓሣውን ሲገፍፉ ታያላችሁ፤ እጃቸው ከዓይን ይፈጥናል። ቆሮሶ ጥብስ እዘዙ፣ ሾርባውንም አስጨምሩ። ጥሬውን የሚበሉ አሉ። እናንተ ግን ከሰዓት የአምስት ሰዓት መንገድ አለባችሁ፤ ዛሬ ይቅርባችሁ።

ምግብ በእጅ ይዛችሁ አትዙሩ። ጉሬዛዎቹ ጨዋ ናቸው፣ ዛፋቸው ላይ ናቸው። ጦጦቹ ግን ከረጢት ከፍቶ ማየት ያውቃሉ። የኛ ቆሎ እዚያው ቀርቷል።

ጀልባ ከፈለጋችሁ ከምሳ በፊት ይሁን። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፣ ሐይቁም ይናወጣል። ከመሳፈራችሁ በፊት ዋጋው በሰው ነው ወይስ በጀልባ፣ ለስንት ደቂቃ እንደሆነ ጠይቁ። የነፍስ አድን ጃኬት ከሌለ አትሳፈሩ። ጉማሬ ሲታይ «ትንሽ ጠጋ በልልን» አትበሉ። መዋኘትም አይታሰብ፤ ጉማሬው ብቻ ሳይሆን ቢልሃርዚያም አለ። መዋኘት ያማራችሁ በሌላ ሳምንት ላንጋኖ ሂዱ።

ታቦር ተራራን መውጣት ከፈለጋችሁ ከተራራውና ከጀልባው አንዱን ምረጡ። ሁለቱን በአንድ ጠዋት የሞከረ ሰው መመለሻውን ያሳልፋል።

9. መመለሻ

ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት መናኸሪያ ድረሱ። ዓላማው ሳይመሽ አዲስ አበባ መግባት ነው። የቅዳሜውን ያህል ወሬ አይኖራችሁም፤ ደክማችኋል። ረጅሙን ጭውውት አሁን ክፈቱት። አንዱ ቢተኛ ሌላው ያቁም፤ ብቻውን አይቀጥል።

ያልጨረሳችሁት ክፍል ካለ ሰዓቱን ጻፉት፤ መተግበሪያው ያስታውሰኛል ብላችሁ አትተማመኑ። እኛ ባለፈው ቃሊቲ ስንደርስ ሰውየው ከስንት ዓመት በኋላ ወንድሙን አግኝቶ በሩን ሊያንኳኳ ነበር፤ 22 ደቂቃ ቀርቶታል። ጓደኛዬ ወደ ሳሪስ፣ እኔ ወደ ሜክሲኮ ታክሲ ያዝን። ማታ ደውላ «እንዳትሰሚው» አለችኝ። አልሰማሁም። ይኸው እስከ ዛሬ ሰውየው በሩ ላይ ቆሟል።